በበዓል የሚሰጥ ችግኝ

ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ (ዘፍ. 2፥15) በዐውደ ምሕረት እናስተምራለን። ምእመናንም ትምህርቱን ሰምተው በበዓል ቀን ለደብራቸው ችግኝ ይዘው ሲመጡ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ስጦታው ወቅቱን ካልጠበቀ ይጠፋል። ታኅሣሥ 29 ቀን በልደት በዓል የተተከለ ችግኝ ከፊቱ የሚጠብቀው በጋ ነው፤ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ካልተመደበለት ለትንሣኤ አይደርስም። ለእንቁጣጣሽ የተሰጠውም ቢሆን ዝናሙ ሊወጣ ሲል የሚተከል ነው። ሰጪው በዓመቱ መጥቶ የደረቀ እንጨት ሲያይ ምን ይሰማዋል?

ክረምቱ በሰኔ በሚገባባቸው አካባቢዎች ለዚህ ስጦታ የሚመቹት ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የቅዱስ ገብርኤል በዓላት ናቸው። ሰበካ ጉባኤው ጉድጓዱን አስቀድሞ ያስቆፍር፤ የሚተከለውንም ዐይነት ለምእመናን ያሳውቅ። ባሕር ዛፍ በየማሳው ዳር ሞልቷል፤ ለቅጽራችን የሚገቡት ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ናቸው። ችግኙ ያደገበት ጥቁር ፕላስቲክ ሳይወጣ ከተተከለ ሥሩ ይጠማዘዛል። ፕላስቲኩ ይውጣ፤ ከወጣም በኋላ በቅጽሩ ተበትኖ አይቅር፤ ይሰብሰብ። (ይህችን ነገር ደጋግመን እንረሳታለን።)

ለበጋው በዓላት ግን ከፕላስቲክ አበባ ይልቅ ከንብ ሰም የተሠራ ጧፍ ቢመጣ ይሻላል፤ በሰበካው ንብ የሚያነቡ ካሉም ሰሙ ከእነርሱ ይገዛ።

የሰጪው ስምና የተከለበት ስፍራ በመዝገብ ይጻፍ፤ በጥር ወርም ችግኙ በሕይወት መኖሩ ታይቶ ለሰጪው ይነገረው።