ሁለት ስሕተት፣ አንድ መልስ፦ የከርነል ጥሪዎች የስሕተት ኮድ እንዴት ይፈተናል?

አንድ እንግዳ ዘመዱን ለመጠየቅ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሄደ እንበል። የያዘው የብሎክ ቁጥር የተሳሳተ ነው፤ የቤት ቁጥሩም እንዲሁ። ጥበቃው «እንዲህ ያለ ቤት የለም» ብሎ ይመልሰዋል። እንግዳውን የላክነው ጥበቃው የቤት ቁጥር ማጣራት አለማጣራቱን ለማወቅ ከሆነ ምንም አላወቅንም፤ ከብሎኩ ቁጥር አላለፈም ይሆናል።

የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈታኞችም በዚሁ ወጥመድ ይወድቃሉ። አንድ ፕሮግራም ወደ ፋይል ለመጻፍ ሲፈልግ ከርነሉን ይጠራል። ጥሪው ካልተሳካ ምክንያቱ በቁጥር ይነገረዋል። በሊነክስ 9 (ኢባድኤፍ) የፋይሉ መለያ ቁጥር ልክ አይደለም፣ 14 (ኢፎልት) የሜሞሪ አድራሻው ልክ አይደለም፣ 13 (ኢአክሰስ) ደግሞ ፈቃድ የለም ማለት ነው።

14ን ለመፈተን የተጻፈ ፕሮግራም ከተበላሸው አድራሻ ጋር ያልተከፈተ ፋይል ቁጥር ቢሰጥ ሊነክስ 9ን ይመልሳል፤ ፋይሉን አስቀድሞ ያያልና። ፖዚክስ የተባለው ስታንዳርድም በአንድ ጥሪ ከአንድ በላይ ስሕተት ሲኖር ከመካከላቸው ማናቸውም ሊመለስ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ ጥፋቱ የከርነሉ ሳይሆን የጠያቂው ነው።

አንዳንዱ ፈታኝ «9 ወይም 14 ከመጣ አልፏል» ብሎ ይገላገላል። በእኔ እምነት ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአድራሻው ማጣሪያ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ 9 ስለሚመለስ ፈተናው «አልፏል» ማለቱን አይተውም።

መፍትሔው የሚፈተነውን አንዱን ብቻ አበላሽቶ ሌላውን ሁሉ ትክክል ማድረግ ነው። ሆኖም ትክክል የሚመስለውም ያታልላል። ፈታኙ «ዴቭ ነል» የተባለውን ልዩ ፋይል ቢከፍት፣ ወደዚያ የሚጻፈው ሁሉ ስለሚጣል ከርነሉ መረጃውን ከሜሞሪ አያነበውም፤ አድራሻው ዜሮ ቢሆንም ጥሪው ተሳካ ይላል። ስለዚህ ፓይፕ ከፍቶ፣ «ኤምማፕ» በተባለው ጥሪ ምንም ፈቃድ የሌለው የሜሞሪ ገጽ ማዘጋጀት ይሻላል። የሚጻፈው መጠንም ከዜሮ መብለጥ አለበት፤ ዜሮ ከሆነ የሚነበብ ነገር የለምና አድራሻው አይነካም።

የ13 ፈተና ሌላ ጣጣ አለው። ፈተናውን የሚያስኬደው ሩት ከሆነ የፈቃድ ገደቡን አልፎ ፋይሉን ይከፍተዋል። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ወደ ተራ ተጠቃሚ መለወጥ ይኖርበታል። ሊነክስ ቴስት ፕሮጀክት በተባለው ክፍት የፈተና ስብስብ ውስጥ ይህ ልማድ በብዙ ቦታ ይታያል፤ ኮዱን ማንም ተማሪ ሊያነበው ይችላል።

ለመለማመጃ፦ ተራ ተጠቃሚ ሆናችሁ፣ መግባት በማይፈቀድላችሁ ፎልደር ውስጥ የሌለ ፋይል ለመክፈት ሞክሩ። የሚመጣው 2 (ፋይሉ የለም) ነው ወይስ 13?