ጨውና መጽሐፍ

በቀድሞ ዘመን ከአፋር ቆላ የመጣ ጨው በአህያና በበቅሎ ተጭኖ የአንኮበርን ዳገት ይወጣ ነበር። መጽሐፍም እንዲሁ ተጭኖ በሩቅ ላለ ሰው ሊደርስ ይችላል።

በአሜሪካ አገር፥ በኬንታኪ ተራሮች፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1935 እስከ 1943 ሴቶች በፈረስና በበቅሎ ተቀምጠው፥ ወንዝ እየተሻገሩ፥ ለድሆች ባላገሮች መጻሕፍት ያውሱ ነበር። የተቀደደውንም መጽሐፍ አልጣሉትም፤ ደኅናውን ገጽ ሰብስበው ሌላ መጽሐፍ ያበጁበት ነበር።

በኢትዮጵያም በዚሁ አቆጣጠር በ2005 አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ መጻሕፍትን አህያ በሚስበው ጋሪ ጭነው በሐዋሳ ለሚኖሩ ልጆች አቀረቡ።

ስለዚህ በብዙ ድካም የመጣውን መጽሐፍ የሚያቆሽሽ ልጅ፥ ከእርሱ በኋላ የሚያነበውን ይበድላል። ጨው ሲበሉት ያልቃል፤ በንጽሕና የተያዘ መጽሐፍ ግን ብዙዎች ቢያነቡትም አያልቅም።