ከማህፀን ውጭ እርግዝና፦ ደሙ በምን ይቆማል?

የወር አበባዋ የዘገየ ሴት ከሆዷ በታች በአንድ ጎን ሲያማት፣ በጋይንትም ሆነ በስማዳ ወይም በእስቴ «ምች ይሆናል» ተብላ ልትተኛ ትችላለች። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ጽንስ የሚጀመረው በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ ወደ ማህፀን ይወርዳል። ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 ያህሉ ግን ቦታውን ይስታል፤ ከእነዚህም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቱቦው ላይ ይቀራል። ቱቦ እንደ ማህፀን አይለጠጥም። ጽንሱ የደም ሥሮቹን እየቦረቦረ ያድግና፣ ብዙ ጊዜ ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ቱቦው ይፈነዳል። ደሙ የሚፈሰው ወደ ሆድ ውስጥ ነው፤ በውጭ የሚታየው ጥቂት ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የፈሰሰው ደም ሆድን ከደረት የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ትከሻዋን ያማት፣ ዓይኗ የጨለመባት፣ ላብ ያጠመቃት ሴት ለነገ አትቆይም።

ወደ ሕክምናው እንለፍ። በ1883 እ.ኤ.አ. ሎውሰን ቴይት የተባለ የበርሚንግሃም ሐኪም ሆድ ከፍቶ የሚደማውን ቱቦ በማሰር ሴት አዳነ። ዛሬ ላፓሮስኮፒ አለ። እምብርት አጠገብ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ይገባል፤ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ በሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች በገቡ መሣሪያዎች የደም ሥሩ በሙቀት ይታሸግና ቱቦው ይወጣል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ታካሚዋ ቶሎ ትነሣለች።

ሆኖም ጋዙ ሆድ ውስጥ ያሉትን ደም መላሽ ሥሮች ይጫናል። ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ግፊቷ የወረደ ሴት ይህን ላትችል ትችላለች። ልምድ ያለው ቡድን በሌለበት ሆድ ከፍቶ ፈጥኖ ማሰር ትክክለኛው ሕክምና ነው፤ እኔ ዝቅ ያለ ሕክምና አልለውም። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገራችን የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠኗ ለገጠር ሆስፒታሎች ትልቅ ነገር ነው። በትንሽ ቀዳዳ የመታከም ዕድል ይበልጥ የሚገኘው ቱቦው ሳይፈነዳ በአልትራሳውንድ ሲታወቅ ነው። በበሽሎ ወንዝ በኩል ካለ የስማዳ ቆላ ቀበሌ ወጥታ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ለምትደርስ እናት ደግሞ መንገዱ ራሱ ጊዜ ይበላል።

ሦስተኛው መንገድ ለአስቸጋሪው ቦታ ነው። ጽንሱ በቀድሞ የቀዶ ወሊድ ጠባሳ ወይም በማህፀን አንገት ላይ ሲያርፍ ደም ሥሮቹ ይበዛሉ። ከወጣ በኋላም የተጎዳው ደም ወሳጅ ሊያብጥ፣ ወይም ከደም መላሽ ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ድንገት ሊደማ ይችላል። እዚህ ላይ ማህፀን መጥረግ መድማቱን ሊያባብስ ይችላል። ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ደም ወሳጅ ካቴተር የተባለ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በራጅ እየተመለከተ እስከ ማህፀን ደም ወሳጅ ይመራዋል፤ የሚደማውንም ሥር በጄላቲን ስፖንጅ ወይም በጥቃቅን ጥቅል ሽቦ ይዘጋል። የመስኖ ገበሬ ውኃውን ከማሳው ይልቅ ቦዩ አፍ ላይ እንደሚዘጋው ነው። ይህ የትልልቅ ከተማ ሆስፒታሎች ሥራ ነው።

በቀዶ ሕክምናው የማህፀን ቱቦው ተርፎ ጽንሱ ብቻ ከወጣ የእርግዝና ሆርሞኑ እስኪጠፋ ድረስ ደሟ በተደጋጋሚ ይመረመራል። ደሟ አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ፀረ-ዲ መርፌ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሙን ትጠይቅ። በሚቀጥለው እርግዝናዋ ደግሞ የወር አበባዋ እንደቀረ ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑን በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ ታስረጋግጥ።