የሶሪትን ቀይ ክንፍ ፎቶ ለማንሳት

ሶሪት ወይም ቱራኮ ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ አረንጓዴ ወፍ ናት። ከዓይኗ ፊት ነጭ ምልክት፣ በአንገቷ ጎን ወደ ታች የሚወርድ ነጭ መስመር አላት። ደም የመሰለው ቀይ ግን በክንፏ ላባዎች ላይ ስለሆነ በደንብ የሚታየው ስትበር ነው። ቱራሲን የሚባለው ይህ ቀለም በውስጡ መዳብ አለበት። አርፋ ብቻ ያነሷት እንደሆነ ፎቶው ጎደሎ ነው።

መጀመሪያ ዛፍ ይፈልጉ እንጂ ወፍ አያሳድዱ። ወንዶ ገነት፣ ደብረ ሊባኖስ ወይም የባሌው ሐረና ደን ከደረሱ ፍሬ የያዘ ሾላ፣ ዝግባ ወይም ጽድ ይምረጡና አጠገቡ ይቀመጡ። (ነጌሌ ቦረና የሄደ ሰው ነጭ ጉትዬ ያላትን የሩስፖሊ ሶሪት ሊያገኝ ይችላል፤ እሷ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም።) የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ አስቀድመው ያስፈቅዱ። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ስለሚታይ ደብዘዝ ያለ ልብስ ይሻላል።

ጠዋት ከ12:30 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። ከማየትዎ በፊት ሻካራ ጩኸቷን ይሰማሉ። ከዚያ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽኮኮ ስትሮጥ ያገኟታል።

ላረፈች ወፍ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 1600 ይበቃል። ፎከሱን በአንድ ነጥብ ዓይኗ ላይ ያድርጉ፤ አለዚያ ካሜራው ቅጠሉን ይይዛል። ከጀርባዋ ሰማይ ካለ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ይጨምሩ፤ ካልጨመሩ ጥላ ብቻ ይወጣልዎታል።

ዋናው ሥራ በረራው ነው። ሶሪቶች ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ አብዛኛውን ጊዜ ተራ በተራ፣ በአንድ መሥመር ይከታተላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ትለፍ! የት እንደተሻገረች ይመልከቱና ፎከሱን በሁለቱ ዛፎች መካከል፣ በዚያው ርቀት ላይ አስቀድመው ያስተካክሉ። ፍጥነቱን 1/2000 ያድርሱት፤ አይኤስኦው ከፍ ቢልና ምስሉ ትንሽ ቢሻክር ግድ የለም፣ የደበዘዘ ክንፍ ከዚያ የባሰ ነው። ቀጣይዋ ስትነሳ ቁልፉን ተጭነው ይያዙ።

ካሜራዎ ስልክ ብቻ ከሆነ ፎቶውን ይተዉትና በርቀት መነጽር ይዩዋት።

የተቀዳ ድምፅ እያሰሙ አይጥሯት። ጎጆ ካዩ ደግሞ ወዲያው ይራቁ፤ ጎጆዋ ሳሳ ብሎ የተደረደረ ጭራሮ ነው፣ ወላጆቹ ከሸሹ እንቁላሉ ለአዳኝ ይጋለጣል።