በክረምት ወራት የጓሮ ዶሮን ስለ መጠበቅ

በቦንጋና በካፋ ወረዳዎች ክረምቱ ሲበረታ ከየጓሮው የሚሰበሰበው ዕንቍላል ያንሳል። ነገሩ ለተመልካች ጥቂት ይመስላል፤ ለባላገር ሴት ግን ዕንቍላል ማለት ጨው፥ ሳሙና፥ በመስከረምም ልጅዋ ትምህርት ቤት ሲገባ የምትገዛለት ደብተር ነው። ስለዚህ ሕዝቡን የሚመክር የወረዳና የቀበሌ ሹም ሁሉ ዶሮ በክረምት ዕንቍላል የምታቋርጥበትን ምክንያት ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።

ስለ ዶሮ ርባታ በውጭ አገር የተጻፉ መጻሕፍት በክረምት በዶሮ ቤት መብራት እንዲበራ ይመክራሉ። ይህም ለአገራቸው እውነት ነው። በለንደን ከተማ በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፥ የዶሮ አካል ዕንቍላል ለመሥራት የሚነሣሣው በብርሃን መርዘም ነው። ቦንጋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለ ሆነች፥ የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ረጅሙም ቀን የሚውለው ዝናቡ በሚበረታበት በሰኔ ወር ነው። ከተማዪቱ ያለችው በ1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነ ብርዱም ቢሆን ውኃ የሚያረጋ አይደለም። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው፤ ላባዋ ደረቅ ሲሆን በሥሩ በሚይዘው አየር ሙቀቷን ትጠብቃለች። ላባው ሲርስ ግን የበላችው እህል ዕንቍላል በመሥራት ፈንታ ገላዋን በማሞቅ ያልቃል። እንግዲህ በካፋ የዶሮ ጠላት የቀን ማጠር ሳይሆን ርጥበት፥ የእህል ማነስና በሽታ ነው።

1ኛ፤ ስለ ማደሪያ። በብዙ ቤት ዶሮዎች ከሰው ጋራ በምድጃ አጠገብ ያድራሉ። ይህ ከዝናብና ከአውሬ ቢያድናቸውም፥ ኵሳቸው ለሕፃናት ጤና አይበጅም። የሚሻለው ከቤቱ ግድግዳ ጋራ ተያይዞ በቀርከሃ የተሠራ፥ ወለሉም በድንጋይና በአፈር ከግቢው ከፍ ያለ ማደሪያ ነው። ዝናብና ነፋስ በሚመጣበት በኩል ግድግዳው በጭቃ ይመረግ፤ በሌላው በኩል ከጣራው ሥር የአየር መውጫ ይተውለት። ብርድ ፈርቶ ቤቱን ፈጽሞ መድፈን ስሕተት ነው፤ የኵስ ሽታ በውስጥ ሲታፈን የዶሮን ዐይንና ሳንባ ይጐዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ከ4 ዶሮ በላይ አይደር፤ ለእያንዳንዷም 20 ሳንቲሜትር ያህል ቆጥ ይሰጣት። በወለሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ያህል ጭድ፥ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም በፀሓይ የደረቀ የቡና ገለፈት ይነጠፍ። ጕዝጓዙ በእጅ ተጨብጦ ሲለቀቅ ከተበተነ ደኅና ነው፤ እንደ ሊጥ ከተያያዘ መለወጥ አለበት። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቦ የሚጠበቅ ስለ ሆነ፥ ሸለምጥማጥና ጥርኝም ከደኑ ጋራ ይኖራሉ፤ ስለዚህ በሩ ከመምሸቱ በፊት በሚገባ ይዘጋ።

2ኛ፤ ስለ ምግብ። በክረምት ትልና ነፍሳት በጓሮው ይበዛሉና ዶሮ ሥጋ ለባሽ ምግብ አታጣም። የሚያንሳት ኀይል የሚሰጠው እህል ነው፤ የአሮጌው በቆሎ ጐተራ የሚራቆተው አዲሱ ሳይደርስ ነውና። ስለዚህ ማታ ወደ ቆጧ ስትመለስ ለእያንዳንዷ አንድ ጭብጥ የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ ቢሰጣት ሌሊቱን ሙቀቷን ጠብቃ ታድራለች። ጎደሬ ቢሰጥ ይቀቀል፤ ጥሬው አፍና ጕሮሮ ያቃጥላል። ለሰው ያልሆነ የሻገተ እህል ለዶሮ ይሆናል ማለት ግን ከባድ ስሕተት ነው፤ የሻጋታው መርዝ ጕበቷን ይጐዳል። ለቅርፊቱ ማጠንከሪያ የዕንቍላል ቅርፊት ተቈልቶና ደቅቆ ይሰጣት፤ ሳይደቅ ቢሰጣት የገዛ ዕንቍላሏን መብላት ትማራለች። ንጹሕ ውኃም በየቀኑ ይቅረብላት፤ ከቅርፊቱ በቀር የዕንቍላል አራት እጅ ሦስቱ ውኃ ነውና።

3ኛ፤ ስለ ዐመድ መታጠቢያ። ዶሮ ቅንቅንን ከላባዋ የምታራግፈው በደረቅ አፈር ላይ ተንከባላ ነው። በክረምት ምድሩ ጭቃ ስለሚሆን፥ ቅንቅን ደሟን እየመጠጠ ያከሳታል። ከጣራው ጠርዝ ሥር ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ደረቅ አፈርና የምድጃ ዐመድ የተቀላቀለበት ሣጥን ቢቀመጥላት፥ ያለ ምንም ወጪ ራሷን ታጸዳለች።

4ኛ፤ ስለ በሽታ። ከሁሉ የከፋው ፈንግል ነው። የታመመችው ዶሮ ታቃስታለች፥ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፥ አንገቷም ይጠመዘዛል፤ በጥቂት ቀንም የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ሊያልቅ ይችላል። ከያዘ በኋላ መድኀኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱም በአገራችን በቢሾፍቱ ይዘጋጃል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ የማይተርፍ ስለ ሆነ፥ አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ልትገዛው አይመቻትም። የሹሙ ሥራ በዚህ ላይ ነው፤ ዝናቡ ሳይበረታ ጎረቤቶችን በአንድ ቀን አሰባስቦ ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋራ ሲያገናኛቸው ብዙ ቤት ይድናል። ከገበያ የተገዛች ዶሮም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ሳትቈይ ከሌሎቹ ጋራ አትቀላቀል። ይህን ሳያደርግ ዶሮውን ለማብዛት የሚቸኵል ሰው፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ይሆናል።

5ኛ፤ ስለ ማስታቀፍ። የአገር ዶሮ 12 ወይም 15 ያህል ዕንቍላል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ትፈልጋለች። በሐምሌ ብትታቀፍ ጫጩቶቹ በ21 ቀን፥ ዝናቡ ገና ሳያባራ ይፈለፈላሉ፤ በርጥበቱም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው ብዙዎቹ ያልቃሉ። ስለዚህ በክረምት አየር በሚያገባ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ እህልና ውኃ እየተሰጣት ጥቂት ቀን ብትቈይ መታቀፉን ትተዋለች፤ ቈይታም እንደ ገና መጣል ትጀምራለች። ማስታቀፉ ዝናቡ እስኪያባራ ይቈይ። በፍልሰታ ጾም ዋጋው ዝቅ ቢል፥ በጾሙ መጨረሻ የተጣለው ዕንቍላል ሳይታጠብ በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ ለእንቍጣጣሽ ገበያ ሊደርስ ይችላል።

ከላይ የተነገረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ቀርከሃው፥ ዐመዱና ጭዱ በየደጁ አለ። የሚጐድለው በጊዜው ማሰናዳት ነው። ስለዚህ በየቀበሌው ያለ ሹም ክረምቱ ሳይከብድ ጣራው መጠገኑን፥ ጕዝጓዙ መድረቁን፥ ክትባቱም መሰጠቱን በየቤቱ ተዘዋውሮ ቢመለከት፥ በመስከረም ወር የብዙ ልጆች ደብተር ከእናታቸው ጓሮ ይገኛል።