የመጠጥ ሱስ የያዘውን ወንድም ወደ ስብሰባ ማድረስ



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የምናነበውን ሽባ ተሸክመው ያመጡት አራት ሰዎች ነበሩ። በሕዝቡ ብዛት መግቢያ ቢያጡ ጣራውን ነድለው ከነአልጋው አወረዱት፤ ወንጌላዊው እንደሚነግረንም ጌታችን እምነታቸውን አየ። በቁምስናችን በመጠጥ የተያዘ ሰው ሲኖር የእኛም ድርሻ የእነዚያ የአራቱ ሥራ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ማስማል ነው። ሰውየው ከበዓል ማግሥት አፍሮ ይመጣል፤ «ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ ይምላል፤ ሳምንት ሳይሞላውም ወደ አረቄው ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ መሐላውን ያፈረሰ በመሆኑ ቄሱንም ካቴኪስቱንም ይሸሻል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 አልኮልን ያለ ልክ ከመውሰድ እንድንርቅ ያስተምራል፤ በቁጥር 1735 ደግሞ ሥር የሰደደ ልማድ የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ ያነበበ መምህር ሱሰኛውን አይረግመውም፤ በመሐላ ብቻም አይሸኘውም።

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አገር በአክሮን ከተማ በአክሲዮን ገበያ ይሠራ የነበረው ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ተገናኙ። ሁለቱም በመጠጥ የተሰበሩ ነበሩ፤ ሐኪምና ዘመድ ያልቻለውንም እርስ በርስ በመነጋገር ቻሉት። ስማቸው የማይገለጽ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤ.ኤ. የሚባለው፣ የተጀመረው በዚህ ነው። «ከእምነታችን ያወጣን ይሆን?» ብለው የሚሰጉ አሉ። እውነት ነው፣ መሥራቾቹ ብዙ የተማሩት ከአንድ የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ በአክሮን የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሱሰኞችን ተቀብላ ያስተናገደችው ገዳማዊት እኅት ኢግናሲያ ነበረች፤ ኢየሱሳዊው አባ ኤድዋርድ ዳውሊንግም እ.ኤ.አ. ከ1940 አንሥቶ የዊልሰን መንፈሳዊ ወዳጅ ሆኖ ኖሯል። ማኅበሩ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ስለ እግዚአብሔር የሚናገረውን ካቶሊካዊው በቅድስት ሥላሴ ስም ይረዳዋል። ከአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች አምስተኛው በደልን ለሌላ ሰው መናገርን ይጠይቃል፤ ይህ ግን ሥርየት አይሰጥም፤ ምሥጢረ ንስሓ በቦታው ይቆያል።

ወደ ስብሰባ ከመሄድ በፊት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየቀኑ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በድንገት ቢያቆም የሚጥል በሽታና መቃዠት ሊነሣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ክፍል ዘግቶበት «ይወጣለታል» ማለት አደገኛ ነውና አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

ስብሰባን ማፈላለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀኑና ቦታው ስለሚለዋወጥ በሦስት ወር አንዴ በሚወጣ ጽሑፍ አድራሻ ማተም አይጠቅምም። የሱስ ሕመምተኞችን የሚያክሙ ባለሙያዎችን፣ ለምሳሌ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያሉትን፣ መጠየቅ ይቻላል፤ ማኅበሩ ራሱም በኢንተርኔት የስብሰባ ዝርዝር ያወጣል። አስቀድማችሁ ደውሉ፤ በምን ቋንቋ እንደሚካሄድ፣ ክፍት ይሁን ዝግ ጠይቁ። በክፍቱ ማንም ይገባል፤ በዝጉ የሚገቡት መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉት ብቻ ናቸው። ካቴኪስቱ በዝጉ ቀን እስከ በሩ አብሮ ሄዶ በአቅራቢያው ካለ ሻይ ቤት ይጠብቅ። በጀሞ ወይም በላፍቶ የሚኖር ሰው ጎረቤት እንዳያየው ፈርቶ በታክሲ ወደ ሜክሲኮ ወይም ከዚያም አልፎ መሄድ ቢመርጥ አትከልክሉት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በስልክና በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎችም በዝተዋል፤ በአቅራቢያው ላላገኘ መነሻ ይሆኑታል።

ከገባ በኋላ የሚጠብቀው ቀላል ነገር ነው። ሰዎች በመጠሪያ ስማቸው ብቻ ይተዋወቃሉ፤ ጥቂት ይነበባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ታሪክ ያወራል። የሚገሥጽ፣ የሚመረምር የለም። አዲሱ ሰው «ዛሬ ለማዳመጥ ነው የመጣሁት» ቢል ይበቃዋል። ክፍያ የለም፤ መዋጮ ቢሰበሰብም አዲስ መጤ እንዲሰጥ አይጠበቅም። የተሰማው ከክፍሉ አይወጣም። በማኅበርና በዕድር ላደግን ለእኛ መሰብሰቡ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው ጠላ የሌለበት መሆኑ ነው! ሚስት ወይም እናት ብትቸገር እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው አል-አኖን የሚባለው የቤተሰቦች ማኅበር አለ።

ሰውየው ወደ እኛ ሲመለስም ልንጠነቀቅለት ይገባል። በጽዋ ማኅበር ቀን ያልፈላ ብርዝ ወይም ለስላሳ ይቅረብለት፤ «አንድ ብርጭቆ ምን ያደርግሃል» የሚለው ወዳጅ ጠላቱ ነው። በሁለቱም መልክ በሚቆረብበት ቦታ ቅዱስ ሥጋውን ብቻ ቢቀበል ክርስቶስን ሙሉ ለሙሉ ይቀበላል፤ ይህን በሕዝብ ፊት እንዳያስረዳ ካህኑ አስቀድሞ ይወቅለት።

አዳራሽ ያለው ቁምስና ለእንዲህ ያለ ቡድን ክፍል ቢሰጥ መልካም ነው። ቡድኑ ከውጭ ርዳታ አይቀበልምና አነስተኛ ኪራይ ልክፈል ቢል አይከፋን፤ ስብሰባውንም የቁምስናው ማኅበር አድርገን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተሳታፊዎችን ስም አንለጥፍ። ሰዓቱ ከቅዳሴ ጋር ባይገናኝ፣ መግቢያውም በጎን በር ቢሆን ለሚመጡት ይመቻቸዋል።