ዜማው አለ፤ ፋይሉ ግን አልከፈት አለ

ባለፈው ሰሞን አንድ የደብረ ታቦር ጓደኛዬ ፍላሽ ይዞ መጣ። ውስጡ ድሮ የኪነት ቡድን ያሠለጥኑ የነበሩ አንድ መምህር ለማሲንቆ፣ ለክራርና ለኪቦርድ ያቀናበሯቸው የአካባቢያችን ዜማዎች ነበሩ። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ስለ መምህሩ ፊቸር ልሥራ ብዬ ነው የገባሁበት። ፋይሉን በሚዩዝስኮር ልንከፍት ብንል ግን ወይ ፍንክች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዜማዎቹ የተጻፉት ፊናሌ በሚባል የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው። አምራቹ ሜክሚዩዚክ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ35 ዓመት በኋላ ሥራውን ማቆሙን አስታውቆ ደንበኞቹን ወደ ዶሪኮ መራቸው። ሙሉው ዶሪኮ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነ የእኛ አገር ተማሪ የሚያዘነብለው በነጻ ወደሚገኘው ሚዩዝስኮር ነው። ሚዩዝስኮር እንዲህ ያለውን አሮጌ የፊናሌ ፋይል በቀጥታ አያነብም። መሸጋገሪያው ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል የተባለ የጋራ ቅርጽ ሲሆን፣ ወደዚያ መቀየር የሚቻለው አሮጌው ፕሮግራም ገና በሚሠራበት ማሽን ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው ጭንቁ! ማሽኑ ከሞተ ፋይሉ በፍላሽ ቢቀመጥ ምን ዋጋ አለው?

ደግነቱ የመምህሩ አሮጌ ላፕቶፕ አልሞተችም። ጉናን ተሻግረን ንፋስ መውጫ ሄድንና ፊናሌ 2010ን ከፈትን። ኖታው ደህና ወጣ፤ ግጥሙ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ! ፊናሌ ዩኒኮድን የተቀበለው በ2012 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ሲለወጥ ሥዕሉ ይጠፋል። ስለዚህ መምህሩ ከስክሪኑ ያነቡልናል፣ እኛ እንደገና እንተይባለን።

ሌላም አለ። አንቺሆዬ ቅኝት የሆነውን ዜማ አዲሱ ሶፍትዌር ሲያጫውተው መምህሩ ሳቁ፤ «ፒያኖ ሆነ እኮ ልጄ!» አሉኝ። የማሲንቆ ጣት ሁልጊዜ የፒያኖ ቁልፍ ላይ አያርፍም። ሚዩዝስኮር እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላል (100 ሴንት ግማሽ ድምፅ ነው)። ግን ስንት እንደሚጨመር ወይም እንደሚቀነስ የሚያውቀው የመምህሩ ጆሮ ብቻ ነው።

ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ ድጓ የሚመሰከርበት የጋይንቱ ቤተልሔም ነው። የድጓ ምልክት በ16ኛው መቶ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ... እነዚህ ምልክቶች በ1997 ዓ.ም. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገቡ ዛሬ ኮምፒውተርም ይጽፋቸዋል። ነገር ግን ምልክቱ ዜማውን የሚያስታውሰው አስቀድሞ ከመምህር አፍ ለተማረው ነው፤ ያልተማረ ሰው ብራናውን ቢያገላብጥ አያዜምም። የመምህራችንም ኖታ ከዚህ ብዙ የራቀ አልመሰለኝም። እንዲያውም ድምፃቸውን አብረን መቅዳት የጀመርነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እስካሁን 9 ዜማ አውጥተናል፤ 14 ይቀራል። የላፕቶፗ ባትሪ ስለማይዝ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደ አዲስ እንጀምራለን። ቅዳሜ ተመልሰን እንሄዳለን።